ሦስት ጄሪካን፣ ሁለት ሞተር፦ የሞዴል አውሮፕላን ነዳጅ በአዳማ አየር ሲፈተን

ባለፈው በጋ አዳማ በሚገኘው ቤቴ በረንዳ ላይ ሦስት ጄሪካኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። በመጀመሪያው ውስጥ ያለው ከውጭ የመጣ፣ 5 በመቶ ናይትሮሜቴን (ለሞተሩ ኃይል የሚጨምር ኬሚካል) እና 18 በመቶ ዘይት የያዘ ዝግጁ ነዳጅ ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ ከውጭ የመጣ ሲሆን ናይትሮሜቴኑ 15 በመቶ፣ ዘይቱ ደግሞ 20 በመቶ ነው። ሦስተኛውን ራሴ ሜታኖል ከሚባለው የአልኮል ዓይነትና ከጉሎ ዘይት ቀላቅዬ አዘጋጅቼዋለሁ። የተፈተኑባቸው ሞተሮች ሁለት ናቸው፦ አንደኛው 7.5 ሲሲ የሚሆን ባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ኦ ኤስ 46፣ ሌላው 9 ሲሲ ገደማ የሆነ ባለ አራት ምት (ፎር ስትሮክ) ሳይቶ 56፤ ሁለቱም የጃፓን ሥራዎች ናቸው። ነዳጆቹን ያመረቱትን ድርጅቶች ስም አልጠቅስም፤ ይህ ግምገማ የሚያነጻጽረው የንግድ ምልክቶችን ሳይሆን በጄሪካኑ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የሚታተሙትን መቶኛዎች ነውና፤ ሸማቹም ገንዘቡን የሚከፍለው በእውነቱ ለእነዚያ ቁጥሮች ነው።

ፈተናውን ያካሄድኩት ከከተማው ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አዝመራው በተነሳ ማሳ ላይ ሲሆን፣ ሰዓቱም ሁልጊዜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር። አዳማን የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም፤ በዙሪያዋ ባሉት ኮረብቶች ላይ የነፋስ ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለምና፣ ፀሐይ ከፍ ስትል የሚነሳው ነፋስ ሞዴል አውሮፕላን ይቅርና የፕላስቲክ ወንበር ያንከባልላል። ሞተሮቹን በመሳቢያ ሐዲድ ላይ በሚንሸራተት ጣውላ ላይ አስሬ፣ ከጣውላው ኋላ ባለ ስፕሪንግ ሚዛን አያይዤ፣ የፕሮፔለሩን የዙር ብዛት በታኮሜትር፣ የሚስበውን ክብደት ደግሞ በሚዛኑ ለካሁ። ሁለቱ መለኪያዎች የተለያየ ነገር መናገራቸው፣ በኋላ እንደሚታየው፣ የዚህ ሁሉ ድካም ዋናው ትርፍ ሆነ።

ወደ ጄሪካኖቹ ከመግባቴ በፊት ለጉዳዩ አዲስ የሆነ አንባቢ የሚያነሳውን ጥያቄ ላስቀድም፦ በየማደያው ቤንዚን እያለ ሜታኖል ፍለጋ መንከራተት ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው ካንዴላው ላይ ነው። እነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ብልጭታ የሚሰጥ ኮይልም ሆነ ማግኔቶ የላቸውም። ቴስታው ላይ የሚገባው ካንዴላ በውስጡ ከፕላቲነም ቅይጥ የተሠራ ቀጭን ጥምዝ ሽቦ ይዟል፤ ሽቦው ለማስነሻ በ1.5 ቮልት ባትሪ ይግላል፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ባትሪው ይነቀላል፣ ፍሙም ሳይጠፋ የሚቆየው የሜታኖል ትነት ፕላቲነሙን ሲነካ በሚፈጠረው ኬሚካላዊ ሙቀትና ከቀደመው ቃጠሎ በተረፈው ግለት ነው። አሜሪካዊው ሬይ አርደን እ.ኤ.አ. በ1947 ይህን ካንዴላ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ትናንሽ ሞዴሎች ኮይልና ባትሪ ተሸክመው ከመብረር ተገላግለዋል። ቤንዚን ከፕላቲነም ጋር እንዲህ ያለ ወዳጅነት የለውም። «መተሐራ ቅርባችን ነው፤ የስኳር ፋብሪካው አልኮልስ?» ብሎ የጠየቀኝ ወጣትም ነበር፤ ኤታኖል ለፕላቲነሙ የሚሰጠው ምላሽ ከሜታኖል ደካማ በመሆኑ ሞተሩ በባትሪው ኃይል ይነሳና ባትሪው ሲነቀል ይከዳል። አረቄን በተመለከተ የቀረበልኝን ሐሳብ ግን ለባለቤቱ መልሼለታለሁ።

ሜታኖል ሌላም ጠባይ አለው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በሙሉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲፈልግ፣ አንድ ኪሎ ሜታኖል የሚበቃው 6.4 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ዓይነት የአየር መጠን ሞተሩ ከእጥፍ በላይ ነዳጅ ይጠጣል፣ የካርቡሬተሩ ቀዳዳና መርፌም የተሠሩት ለዚሁ ነው። በሚተንበት ጊዜ የሚወስደው ሙቀት የቤንዚንን ሦስት እጥፍ ያህል በመሆኑም ሞተሩን ከውስጥ ያቀዘቅዘዋል። ናይትሮሜቴን ደግሞ ኦክስጅኑን በሞለኪዩሉ ውስጥ ተሸክሞ ስለሚመጣ 1.7 ኪሎ አየር ብቻ ይበቃዋል፤ ዋጋው የሚወደደውና ብዙዎች የሚጓጉለት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ስለ ዘይቱ። ጎረቤቴ የሞተር ሳይክል መካኒክ ነው፤ ባለ አራት ምቱን ሞተር ታንክ ስሞላ አይቶ «ጋሼ፣ ፎር ስትሮክ ከሆነማ ዘይቱ ለብቻው በካርተር ነው የሚገባው፤ ነዳጁ ላይ ጨምረው ባያበላሹት» አለኝ። ስለ ሞተር ሳይክል የተናገረው ትክክል ነው፤ በሞዴል ሞተር ላይ ግን ይህ አስተሳሰብ ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። ሳይቶውም ሆነ መሰሎቹ የዘይት ማጠራቀሚያም ፓምፕም የላቸውም። ኩሽኔታዎቹ፣ ካምሻፍቱና የቫልቭ ገፊዎቹ የሚለሰልሱት ከነዳጁ ጋር ሲሊንደር ገብቶ በፒስተኑ ፋሻ ጎን ሾልኮ ወደ ታች በሚወርደው ጥቂት ዘይት ብቻ ነው። በባለ ሁለት ምቱ ሞተር ነዳጁ በሙሉ ወደ ሲሊንደሩ ከመውጣቱ በፊት በካርተሩ፣ ማለትም በሞተሩ የታችኛው ክፍል፣ ውስጥ ስለሚያልፍ ኩሽኔታዎቹ በየዙሩ ይታጠባሉ። ነገሩ ግር የሚያሰኘው እዚህ ላይ ነው፦ በሞተር ሳይክል ልማድ ዘይት የተቀላቀለ ነዳጅ የማይነካው ባለ አራት ምት፣ በሞዴሉ ዓለም በታንኩ ውስጥ ያለውን ዘይት ይበልጥ በስስት የሚጠብቀው ሆኖ ይገኛል።

የመጀመሪያው ጄሪካን፣ ባለ 5 በመቶው፣ ለባለ ሁለት ምቱ ሞተር እንደተሰፋ ልብስ ሆኖለታል። ዘይቱ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ሆኖ ጥቂት የጉሎ ዘይት ተጨምሮበታል፤ ሞተሩ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው የእጅ ምት ይነሳል፣ ሚኒሞው፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ዝቅተኛው ዙር፣ በ2,300 ላይ ሳይንገዳገድ ይቆማል፣ ከዚያ ነዳጅ ሲሰጠው ሳያመነታ ይወጣል። ማስተካከያውም ግልጽ ነው። መርፌው ከተከፈተ፣ ማለትም ነዳጁ ከበዛ፣ ሞተሩ በየሁለተኛው ዙር እያሳለፈ ስለሚተኩስ ጎርናና፣ የተቆራረጠ ድምፅ ያሰማል፤ መርፌው ቀስ እያለ ሲዘጋ ድምፁ በድንገት ተቀይሮ ስል ጩኸት ይሆናል። ትክክለኛው ቦታ ጩኸቱ ጫፍ ከደረሰበት ላይ ሁለት ወይም ሦስት «ቀጭ» ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ አፍንጫው ወደ ላይ ሲቀና ታንኩ ከካርቡሬተሩ ዝቅ ስለሚል ነዳጁ ይሳሳል፣ መሬት ላይ ምንም ትርፍ ያልተተወለት ሞተርም አየር ላይ በጥማት ይቃጠላል። ለባሕር ዳርቻ አየር ተስተካክሎ የመጣ መርፌ አዳማ ላይ ጥቂት ወደ ውስጥ መጠምዘዝ አለበት፣ አየሩ ከሳሳ ነዳጁም መቀነስ ስላለበት።

እዚህ ላይ ነው ታኮሜትሩ ያታለለኝ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በሞቃት ቀን የአየሩ እፍጋት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ ሞተሩም በዚያው ልክ ይደክማል ብዬ ጠብቄ ነበር። 11 በ6 ኢንች ፕሮፔለር (የመጀመሪያው ቁጥር የጫፍ እስከ ጫፍ ርዝመቱ፣ ሁለተኛው የምላጩ ጥምዘት ልክ ነው) አስሬ ስለካ 12,400 ዙር አገኘሁ፤ ይህ በቆላ የባሕር ዳር ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች ለዚሁ ሞተርና ለዚሁ ፕሮፔለር ከሚጽፉት ብዙም የራቀ አይደለም። ለአንድ ሳምንት ያህል ነዳጁን አሞገስኩት። ሚዛኑን ሳላያይዝ የቆየሁበትን ስንፍና ያስታወሰኝ አውሮፕላኑ ራሱ ነው፤ ዙሩ ሳይጎድልበት ከመሬት ለመነሳት እንደ ሰነፍ በሬ ይጎተት ነበርና። ሚዛኑ ሲያያዝ የሚስበው 2.3 ኪሎ ብቻ ሆነ። ምክንያቱ ካሰቡት ቀላል ነው፦ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል፣ ነገር ግን ፕሮፔለሩን የሚቋቋመው አየርም በዚያው መጠን ስለሚሳሳ ሁለቱ ተመጣጥነው ዙሩ እዚያው ይቆያል፤ የሚጎድለው ዙሩ ሳይሆን ጉልበቱ ነው። ስለዚህ በእኛ ከፍታ ነዳጅን በታኮሜትር ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ራሱን ያሞኛል። ፕሮፔለሩን ወደ 12 በ6 ስቀይረው ዙሩ ወደ 11,000 ወርዶ ስበቱ ወደ 2.5 ኪሎ ወጣ። ይህን ትርፍ ያስገኘው አንድ ፕሮፔለር እንጂ ናይትሮሜቴን አይደለም።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ሁለተኛውን፣ ባለ 15 በመቶውን ጄሪካን በባለ ሁለት ምቱ ላይ ስሞክር የተቀበለኝ ውጤት አላስደነቀኝም። በ11 በ6ቱ ፕሮፔለር ዙሩ 12,700፣ ስበቱ 2.4 ኪሎ ሆነ፤ ጭማሪው እውነተኛ ነው፣ ነገር ግን የነዳጁ ዋጋ በአንድ ሊትር ከመጀመሪያው በግማሽ ይበልጣል፣ ታንኩም ቶሎ ያልቃል። ናይትሮሜቴንን ማግኘትም የራሱ ጣጣ አለው፤ በአውሮፓ ለፈንጂ መሥሪያ ሊውሉ ከሚችሉ ኬሚካሎች ተርታ ተመድቦ ሽያጩ ቁጥጥር ይደረግበታል፣ ሜታኖል ያለበት ነዳጅም በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን አይጫንም፤ እነዚህ ሁለቱ ጄሪካኖች የደረሱኝ በመርከብ ጭነት በጅቡቲ በኩል ከሰው ዕቃ ጋር ተዳብለው ነው። ያንን ሁሉ መንገድ ለተጓዘ ነገር አንድ መቶ ግራም ስበት ያንሳል።

በባለ አራት ምቱ ላይ ግን ይኸው ሁለተኛው ጄሪካን ሌላ ነገር ሆነ። ሳይቶው በመጀመሪያው ነዳጅ ይሠራል፣ ግን ያኮርፋል፤ በሚኒሞ ላይ ጥቂት ቆይቶ ነዳጅ ሲሰጠው ይሳላል፣ በማለዳው ቅዝቃዜም ሁለት ጊዜ ባትሪውን ስነቅል ቀጥ ብሎ ቆመ። ምክንያቱ ይገባኛል፦ ባለ ሁለት ምቱ በየዙሩ ሲተኩስ ባለ አራት ምቱ የሚተኩሰው በሁለት ዙር አንዴ ነው፣ ስለዚህ የካንዴላው ሽቦ በመሃል የሚቀዘቅዝበት ጊዜ እጥፍ ይሆናል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ለባለ አራት ምት ተብሎ የተሠራውን ግለቱን ረዘም አድርጎ የሚይዝ ካንዴላ መግጠም፣ ሌላው የናይትሮሜቴኑን መጠን ከፍ ማድረግ። ሁለቱንም ባደረግሁ ጊዜ ሞተሩ በ12 በ6 ፕሮፔለር ከ9,300 ወደ 9,600 ዙር ወጣ፤ ከዙሩ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ግን ጋዙን ከፍና ዝቅ ሳደርገው እንደ ልብስ ስፌት መኪና በተስተካከለ ድምፅ መታዘዙ ነው። ዘይቱ 20 በመቶ መሆኑና ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ መሆኑም ለዚህ ሞተር ይስማማል፤ በትኩሱ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ዙሪያ የሚጋገር ዝቃጭ አይተውም።

ይህ ነዳጅ አንድ ከባድ ጠንቅ አለው፣ በጄሪካኑ ላይም አልተጻፈም። ናይትሮሜቴን ሲቃጠል ከሚተወው ውስጥ አሲድነት ያለው ቅሪት ይገኛል፣ ሜታኖልም እርጥበትን ከአየር ይስባል፣ ሰው ሠራሹ ዘይት ደግሞ ብረትን ከዝገት በመከላከል ከጉሎ ዘይት ደከም ይላል። ባለፈው ክረምት ሳይቶውን ከመጨረሻው በረራ በኋላ ታንኩን ሳላሟጥጥ፣ በካርተሩም ውስጥ የመከላከያ ዘይት ሳላንጠባጥብ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። በመስከረም ፕሮፔለሩን በእጄ ሳዞረው እንደ አሸዋ የሚፈጭ ስሜት ሰጠኝ፤ የኋለኛው ኩሽኔታ ቀይ ሆኖ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የነዳጁ አይደለም፤ ነገር ግን ይህን ነዳጅ የሚገዛ ሰው ከዕለቱ የመጨረሻ በረራ በኋላ የነዳጁን ቱቦ ነቅሎ ሞተሩ እስኪጠማውና እስኪጠፋ ማሠራትን፣ ከዚያም በካርቡሬተሩና በካርተሩ መተንፈሻ በኩል ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት መጨመርን የዋጋው አካል አድርጎ ይቁጠረው።

ሦስተኛው ጄሪካን ብዙ ያስተማረኝ ነው፣ ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፍለታለሁ። የጉሎን ተክል የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይም ከእኛ አካባቢ የተነሳ አድርገው ይወስዱታል፤ በየአጥሩ ጥግ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል፣ ፍሬው በብዙ ቤት ምጣድ ለማሰስ ያገለግላል። በዓለም የሞተር ታሪክ ደግሞ ትልቅ ስም አለው። እ.ኤ.አ. በ1909 እንግሊዛዊው ቻርልስ ዌክፊልድ ኩባንያ አዲሱን ዘይቱን ካስትሮል ብሎ ሲሰይመው ስሙን የወሰደው ከጉሎ ዘይት የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብረው የሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች የነበሯቸው የአውሮፕላን ሞተሮችም የሚቀቡት በእርሱ ነበር፣ አብራሪዎቹም ሲተፋ የዋለውን ዘይት እየተነፈሱ ሆዳቸውን ይቸገሩ እንደነበር ይነገራል። ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ለአንዳንድ የፍጥነት ውድድሮች ለረጅም ዘመን ያዘዘው ነዳጅም 80 እጅ ሜታኖልና 20 እጅ የጉሎ ዘይት ነው። እኔም የተከተልኩት ይህንኑ ልክ ነው።

የጉሎ ዘይት ለዚህ ሥራ የተመረጠበት ኬሚካላዊ ምክንያት አለው። ከአሥር ዘጠኝ እጅ የሚጠጋው ሪሲኖሌይክ የሚባል አሲድ ሲሆን፣ ይህ አሲድ ከሌሎች የቅባት እህሎች አሲድ በተለየ ከአልኮል ጋር የሚያዋህድ ተቀጥላ አለው። የኑግ ዘይት፣ የምግብ ዘይት፣ ለቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል የሚሸጠው ዘይትም ሜታኖል ላይ ሲጨመሩ እንደ ውሃና ዘይት ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ በብርጭቆ ሞክሬ አይቻለሁ፣ ማንም ሊያየው ይችላል። ሌላው በጎነቱ ሲግል የሚያሳየው ጠባይ ነው። ሞተሩ በስህተት ነዳጁ ሳስቶበት ሲግል ሰው ሠራሹ ዘይት ንጣፉ ይሳሳና ብረት ከብረት ይገናኛል፤ የጉሎ ዘይት ግን እየጠነከረና እየወፈረ ሄዶ ግድግዳውን ሳይለቅ ይቆያል። ያው ጠባይ ነው ደግሞ በኋላ እንደ ሙጫ ሆኖ ፒስተኑ ላይና ማርሚታው ውስጥ ቡናማ ልባጭ የሚተወው።

ዘይቱን የገዛሁት ከመድኃኒት ቤት ነው። በገበያ የሚገኘው፣ ፍሬው ተቆልቶና ተወቅጦ በውሃ ተፈልቶ የሚወጣው ዘይት ለምጣድ እንጂ ለካርቡሬተር አይሆንም፤ ውሃና ሙጫ ይዟል፣ መርፌውንም ይደፍናል። የመድኃኒት ቤቱም ቢሆን ማጣፈጫ ወይም ሽታ ያልተጨመረበት መሆኑን ከመለያው ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ሜታኖሉን ግን ከአንድ ኬሚካል ሻጭ ገዝቼ ተታለልኩ። ቅልቅሉ ከተዘጋጀ በኋላ ሊጠራ ሲገባው እንደ ገብስ ውሃ ደፈረሰ። ጥርጣሬ ገባኝና 100 ሚሊ ሊትሩን በኩሽና ሚዛን ስመዝነው 82 ግራም ሆነ፤ ንጹሕ ሜታኖል በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 79 ግራም ገደማ ነው መመዘን ያለበት፣ ትርፉ ውሃ ነበር። ሻጩን ስጠይቀው «ጋሼ፣ እኛም እንደመጣልን ነው» አለኝ፤ ገንዘቤ አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሳልመዝን አልገዛም፣ መመዘኛውም የሥራ ላብራቶሪ አይጠይቅም፤ መጠን የተጻፈበት ትልቅ ስሪንጅና ግራም የሚያሳይ ሚዛን ይበቃሉ። ሲቀላቀልም በመጠን ከመስፈር በክብደት መመዘን ይሻላል፣ የጉሎ ዘይት በመስፈሪያው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና፦ ለአንድ ሊትር ነዳጅ 633 ግራም ሜታኖልና 192 ግራም የጉሎ ዘይት። ቅልቅሉ አንድ ሌሊት አድሮ፣ በማጥለያ ወረቀት አልፎ ወደ ጄሪካን ይገባል።

ባለ ሁለት ምቱ ሞተር በዚህ ነዳጅ 12,000 ዙር ሠራ፤ ከመጀመሪያው ጄሪካን 400 ብቻ ዝቅ ብሎ። ከማርሚታው የሚወጣው ነጭ ጭስ ማሳውን ሲሞላው ሽታው በልጅነቴ እናቴ ምጣድ ስታስስ የነበረውን ነው ያስታወሰኝ፤ ይህ ለነዳጅ ምዘና መመዘኛ እንደማይሆን አውቃለሁ፣ ግን አልዋሽም፣ ነጥብ ጨምሬለታለሁ። ድክመቱ ሚኒሞው ላይ ነው። ናይትሮሜቴን ስለሌለው ከ3,000 ዙር በታች አልወርድ አለ፣ ሞቅ ያለ ካንዴላ ስገጥምለት ግን ወደ 2,700 ዝቅ አለ፤ ለማረፍ ይበቃል፣ ለመኩራት አይበቃም። ከአሥር ያህል ታንክ በኋላ ቴስታውን ስከፍተው ፒስተኑ አናት ላይ ቀለሙ እንደ ጠቆረ ማር የሆነ ልባጭ ነበር፣ የሲሊንደሩ ግድግዳ ግን አንድም ጭረት አልነበረበትም።

ለባለ አራት ምቱ ግን ይህ ነዳጅ ምግብ አይደለም። ተነሳ፣ 9,000 ዙር ደረሰ፣ በሚኒሞ ላይ ግን ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ፤ ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ደጋግሞ ጠፋ። በአራተኛው ታንክ ላይ የጭስ ማውጫ ቫልቩ ዘንግ ቡናማ መሆን ጀመረ። ያ ልባጭ ከወፈረ ቫልቩ በመሪው ውስጥ ተጣብቆ ሳይዘጋ ይቀራል፣ ስለዚህ ፈተናውን እዚያው አቆምኩት።

ሦስቱም ጄሪካኖች በእኩል የሚጠይቁት ጥንቃቄ አለ፣ የምጽፈውም በአዳማ ያየሁት ልማድ ስላሳሰበኝ ነው። ሜታኖል በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥም። መልኩ ውሃ ነው፣ ሽታው አልኮል ነው፣ በጣም ጥቂት መጠኑ ዓይንን ሊያጠፋ፣ ትንሽ ከፍ ያለው ደግሞ ሊገድል ይችላል፤ ልጆች ባሉበት ቤት በተጠማ እጅ የሚገባ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ ይቅር የማይባል ነው። የኔ ጄሪካኖች ቀይ ናቸው፣ በአማርኛና በኦሮምኛ መርዝ መሆኑ ተጽፎባቸዋል። ሲቃጠልም ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱ ሲሰማ እንጂ ሲታይ አይደለም የሚታወቀው፣ ደግነቱ ከቤንዚን በተለየ ውሃ ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ከጣውላው አጠገብ ባልዲ ውሃ አይጠፋም። ክዳኑ ተከፍቶ ያደረ ጄሪካን እርጥበት ስለሚስብ በማግስቱ ሌላ ነዳጅ ነው።

ብልጭታ በሚሰጥ ካንዴላ የሚሠሩ ከፍ ያሉ የቤንዚን ሞዴል ሞተሮች የዚህ ግምገማ አካል አይደሉም፤ ለእነርሱ ከማደያ የተቀዳ ቤንዚን ከቱ ስትሮክ ዘይት ጋር አምራቹ ባዘዘው ልክ ይቀላቀላል፣ ዘይት የሚቀላቀለው ባለ አራት ምት በሆኑትም ነው። ለሜታኖል የምንጠቀምበት የሲሊኮን ቱቦ በቤንዚን አብጦ ስለሚበላሽ የአንዱን ቱቦ ለሌላው መስጠት አይቻልም።

ወደ ዋጋው ስመጣ፣ ባለ ሁለት ምቱ ሞተር በአሥር ደቂቃ በረራ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨርሳል፣ ባለ አራት ምቱ 200 ይበቃዋል። ሁለተኛው ጄሪካን በሊትር ከመጀመሪያው በግማሽ ቢወደድም፣ በባለ አራት ምቱ ላይ ሲሰላ የአንድ በረራ ወጪው ባለ ሁለት ምቱ በመጀመሪያው ጄሪካን ከሚያወጣው ጋር እኩል ይሆናል፤ ስለዚህ «ለፎር ስትሮክ ነዳጅ ውድ ነው» የሚለው አባባል በጄሪካኑ ላይ ሲታይ እውነት፣ በበረራው ላይ ሲሰላ ግን ሐሰት ነው። በቤት የተቀላቀለው፣ ሜታኖሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ፣ የመጀመሪያውን ሲሶ ያህል ብቻ ያወጣል።

እነዚህን ቁጥሮች ወረቀት ላይ አስቀምጬ ሳያቸው የመጀመሪያውን ጄሪካን ዳግመኛ መግዛት እንደማያስፈልገኝ ገባኝ። አንድ እጅ ከሁለተኛው፣ ሁለት እጅ ከሦስተኛው ሲደባለቅ የሚገኘው 5 በመቶ ናይትሮሜቴንና 20 በመቶ ዘይት ያለው፣ ከዘይቱም ሁለት ሲሶው ጉሎ፣ አንድ ሲሶው ሰው ሠራሽ የሆነ ነዳጅ ነው፤ ዋጋው ከመጀመሪያው በሩብ ያህል ይረክሳል። ባለ ሁለት ምቱን በዚህ ድብልቅ ስሞክረው ዙሩ ወደ 12,300 ተመለሰ፣ ሚኒሞውም 2,400 ላይ ያለ ንቅናቄ ቆመ፣ ልባጩም ቀለል አለ። ባለ አራት ምቱ የሚቀጥለው በሁለተኛው ነው። ለመጪው በጋ ያዘዝኩትም እርሱን ብቻ ነው፣ ሁለት ጄሪካን፤ የጉሎ ዘይቱን ከመድኃኒት ቤት፣ ሜታኖሉን ደግሞ ሚዛኔን ይዤ ሄጄ እገዛለሁ።